የትኛው ዓለም?

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን የዓለም ክለቦች ሻምፒዮናን ታሪክ በቃሉ ሲወጣልኝ ከ1960 ጀመረ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሪያል ማድሪድ፣ ፔኛሮል፣ ሳንቶስ፣ አሁንም ሳንቶስ እያለ ሲወርድ «የትኛው ዓለም ነው?» ብዬ አቋረጥኩት። ተቀየመኝ።

ያን ዓመት የተጀመረው ኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ብቻ የሚገናኙበት ነበር። ሪያል ማድሪድና ፔኛሮል ሞንቴቪዴዮ ላይ ያለ ግብ ተለያዩ፤ ማድሪድ ላይ ሪያል 5 ለ 1 ረታ። ድንቅ ኳስ እንደታየበት አልክድም። ጠቡም አልቀረለትም። በ1969 ቦነስ አይረስ ላይ የኤስቱዲያንቴስ ተጫዋቾች ሚላኖችን እንደ ጠላት ጦር ወረዱባቸው፤ የኔስቶር ኮምቢን አፍንጫ ተሰበረ፤ ከደብዳቢዎቹ ሦስቱ ወህኒ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አያክስና ባየርን ሙኒክን የመሳሰሉ ሻምፒዮኖች አንሄድም ያሉበት ጊዜ ነበር። ከ1980 ጀምሮ ውድድሩ ጃፓን ላይ በአንድ ግጥሚያ እንዲያልቅ ተደረገ፤ በመኪና አምራቹ በቶዮታ ስምም ተጠራ።

እስካሁን ያለው የማንም ዋንጫ ታሪክ ነው። እኔን የከነከነኝ ፊፋ በጥቅምት 2017 ኮልካታ ላይ ተሰብስቦ፣ ከ1960 እስከ 2004 ያሸነፉትን ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን ብሎ ማጽደቁ ነው። ያልተጠራ ሰው እንዴት ተሸነፈ ይባላል? የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ እኮ በ1964 ተጀምሯል። የእኛው የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር በዚያ በመጀመሪያው ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ ነበር፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። በ1975 የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች በቀን መስማማት አቅቷቸው ግጥሚያው ሲቀር፣ የአፍሪካ ሻምፒዮን የጊኒው ሃፊያ ነበር። ለሃፊያ ጥሪ አልደረሰውም።

«ቢጠሩስ ምን ያመጡ ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፊፋ በ2000 ብራዚል ላይ ስምንት ክለቦችን ሲያሰባስብ የሞሮኮው ራጃ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፏል። በ2025 አሜሪካ ላይ ከ32ቱ ክለቦች መካከል የነበሩት አራት የአፍሪካ ክለቦችም ከምድብ አላለፉም። ግን በ2010 አቡዳቢ ላይ የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ኢንተርናሲዮናልን 2 ለ 0 አሸንፎ ለፍጻሜ ሲደርስ፣ በረኛው ኪዲያባ በመቀመጫው እየነጠረ ሲጨፍር ያየ ሰው «አይችሉም» ለማለት ምላሱ ይያዛል። በፍጻሜው ኢንተር ሚላን 3 ለ 0 አሸነፋቸው፤ ገብተው፣ ተጫውተው ተሸነፉ። ልብ በሉ፣ ኢንተር በቀጥታ ከግማሽ ፍጻሜ ሲጀምር ማዜምቤ ግን እዚያ የደረሰው አንድ ዙር አስቀድሞ ተጫውቶ ነው።

ሳንቶስ ትልቅ ቡድን መሆኑን ለመመስከር ይህ ማዕረግ አያስፈልግም ነበር። የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ባለበት ይቆይ፤ ከላዩ የተጻፈው ርእስ ግን «የሁለት አህጉራት ሻምፒዮኖች» ተብሎ ይታረም።