ስለ ቱርክ ዘፈንና ስለ ብሔራዊ ስሜት

የአንድ ሕዝብ ዘፈን በትእዛዝ ሊወሰን ይቻላልን? የቱርክ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል።

ዚያ ጎካልፕ በ1923 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ሙዚቃ ከሦስት ከፈለ፤ ይኸውም የምሥራቅ፣ የምዕራብና የገበሬው ነው። የምሥራቁን ባዕድ አለው፤ የገበሬውን ዘፈን ግን ከምዕራቡ ስልት ጋር በማዋሐድ ብሔራዊ ሙዚቃ እንዲፈጠር አስተማረ። በ1934 የምሥራቁ ስልት ከራዲዮ ታገደ፤ እገዳውም እስከ 1936 ቆየ። ነገር ግን ብዙ ሰሚ መቃኛውን ወደ ዐረብ ጣቢያዎች አዞረ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከገጠር ወደ ኢስታንቡል የፈለሰው ሕዝብ አራቤስክ የተባለውን ዘፈን ወደደ። በ1964 የተቋቋመው የመንግሥት ራዲዮ ለብዙ ዓመታት በሩን ቢዘጋበትም፣ ዘፈኑ በካሴትና በሚኒባስ አገሩን አዳረሰ። ተቺዎቹ ሁለት ነቀፋ አቀረቡ፤ አንደኛው የዐረብ ነው፣ ሁለተኛው ተስፋ ያስቆርጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ሊመረመር ይገባዋል፤ ዕጣን መርገምና እንባ በዚህ ዘፈን እንደሚበዛ የሚክድ የለም። የመጀመሪያው ግን አይጸናም። የአራቤስክ ታላቅ ሰው የሚባለው ኦርሃን ጌንጀባይ የታወቀ የሳዝ ተጫዋች ነው፤ ሳዝም የአናቶሊያ ገበሬ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። እንግዲህ ጎካልፕ ያከበረው መሣሪያና የናቀው ዜማ ያለ ማንም ፈቃድ በአንድ ዘፈን ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለዚህ የሙዚቃን ብሔራዊነት በትውልድ ሐረጉ ብቻ መለካት ስሕተት ነው፤ ማን ኑሮውን እንደሚሰማበትም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘፈኑን ባዕድ የሚል ሰው፣ የሚዘፍነውን ስደተኛ ገበሬ በገዛ አገሩ ባዕድ ያደርገዋልና።