ስለ ግብረ ሥጋ የሰውን አስተያየት ስለ መመዘን፤ አጭር ትችት

የሕዝብን አስተያየት በመጠይቅ ለማወቅ የሚነሣ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ሊመረምር ይገባዋል። ጥያቄው ስለ ግብረ ሥጋ የሆነ እንደ ሆነ፣ አነጋገሩ ራሱ መልሱን ይዞ ሊገባ ይችላልና።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብሎ በአምስት ምክንያቶች ተጠይቆ ነበር፤ አንደኛው ምክንያት ሚስት ግብረ ሥጋን እምቢ ማለቷ ነው። ከአምስቱ ቢያንስ አንዱን የተቀበሉት ከሴቶች 63 ከመቶ፣ ከወንዶች 28 ከመቶ ናቸው። ጥያቄው የተዘጋጀው ስለ ድብደባ ነው፤ ለዚያም ይጠቅማል። ስለ ግብረ ሥጋ ያለውን አስተያየት ሁሉ ይገልጣል ማለት ግን አይቻልም። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ፈላጊው ሁልጊዜ ባል፣ እምቢ ባይዋም ሁልጊዜ ሚስት ናት። ባል እምቢ ቢልስ? ሳይጋቡ የሚኖሩትስ? ፍቅራቸው ወደ ተመሳሳይ ጾታ ያዘነበለውስ? ለእነዚህ ስፍራ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ያደረገው ነው። ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 ከመቶ የሚሆኑት ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶምን መቀበል የለበትም ብለዋል። ነገር ግን «መቀበል» ምንድን ነው? ኃጢአት ነው ማለት፣ በሕግ ይቀጣ ማለትና የታመመ ጎረቤትን ከሐኪም ቤት ይመለስ ማለት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞም የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ስለሚቀጣ፣ መላሹ በልቡ ያለውን ሳይሆን የሚያድነውን ሊናገር ይችላል። በሕጉም ሆነ በሕዝብ አፍ የተለመደው «ግብረ ሰዶም» የሚለው ስም ራሱ የሰዶምን ፍርድ ያስታውሳል።

እንዲህ ያለው ጥናት በደብረ ታቦርና በፋርጣ ገጠር ቢደረግ የቋንቋም ችግር ይገጥመዋል። አማርኛችን «አንተ»ንና «አንቺ»ን ይለያል። በአንቱታ «የሚወዱት ሰው አልፈልግም ቢሉ» ብንል ጾታው ይሰወራል። ሆኖም በቀድሞው ልማድ ሚስት ባሏን አንቱ ስትል ባል ሚስቱን አንቺ ይላል። ስለዚህ አንቱታውን የሰማ ሰው ወዲያው ባልን ወይም ሽማግሌን ያስባል፤ አድልዎውም በሌላ በር ይገባል።

እኛ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከአድልዎ ፈጽሞ የጠራ ቃል ከመፈለግ ይልቅ አድልዎውን ራሱን መመዘን ይሻላል። መላሾቹን በዕጣ ለሦስት ከፍሎ ለአንዱ ክፍል «ሚስት እምቢ ብትል»፣ ለሁለተኛው «ባል እምቢ ቢል»፣ ለሦስተኛው «ከሁለት ጓደኛሞች አንደኛው ወገን እምቢ ቢል» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በመልሶቹ መካከል የሚገኘው ልዩነት ሰው ስለ ፈቃድ የሚፈርደውን ስለ ጾታ ከሚፈርደው ለይቶ ያሳያል። ስለ እምነት፣ ስለ ሕግና ስለ ጉርብትናም ለየብቻ ይጠየቅ፤ መልሱም ጎረቤትና ዘመድ በማይሰማበት ስፍራ ይሰጥ።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ የጤና ትምህርት ይዘጋጃል፣ ሕግም ይመከርበታል። በመጠይቁ ያልተቈጠረ ሰው በትምህርቱም በምክሩም አይታሰብም።