ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ የያንግ ላይቭስ የትምህርት ቤት ጥናት ከንፋስ መውጫ ሲነበብ

የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል ይማራል? የለመድነው የፈተና ሥርዓት ለዚህ መልስ የለውም። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ልጁ በዓመቱ መጨረሻ የት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ከየት እንደ ተነሣ ግን አይናገርም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው የጥናት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ያካሄደው የትምህርት ቤት ጥናት የተነደፈው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ጥናቱ በ63 ትምህርት ቤቶች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ይዟል፤ አማራ ክልልም ተካቷል። ተማሪዎቹ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ዓመቱ ሲጀመርና ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ተፈትነዋል። መምህራንና ርእሳነ መምህራንም ተጠይቀዋል። የሥራው ትልቁ ብልኀት ያለው በዚህ ድርብ መዋቅር ላይ ነው። በላይ ጋይንት ደጋ ከሴፍቲኔት ተረጂ ቤተሰብ የመጣን ልጅ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪው በሰኔ ዝቅተኛ ነጥብ ስላመጣ ብቻ ሰነፍ ተብሎ አይፈረጅም፤ ልጁ የተጓዘው ርቀት ይታይለታል። የእንግሊዝኛው ምርጫም የታሰበበት ነው። በክልላችን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፣ ቋንቋው የከበደው ተማሪ ሌላውንም ትምህርት አብሮ ያጣል።

የሪፖርቱ ቋንቋ ቁጥብና ግልጽ ነው፤ ማጋነን አይወድም። ይሁን እንጂ ዋና ገጸ ባሕርዩ አማካዩ ነው፤ ልጆቹ ከበስተኋላ ቆመዋል። ይህ በተለይ ስለ ልጆች የኑሮ ደኅንነት ሲነሣ ጎልቶ ይታያል። ያንግ ላይቭስ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ልጁ ዘጠኝ ደረጃ ባለው የኑሮ መሰላል ላይ ራሱን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠየቃል። መልሱ ከሕንድ፣ ከፔሩና ከቬትናም ልጆች ጋር ለማነጻጸር ይመቻል፤ «ሦስተኛው ላይ ነኝ» ያለው ልጅ ግን ለምን እንዳለ ቁጥሩ አይነግረንም። በአንጻሩ የጥናቱ የቃለ ምልልስ ክፍል ልጆች በቡድን ተቀምጠው ደህና የሚኖር ልጅ ማን እንደሆነ፣ የተጎዳውስ ማን እንደሆነ በራሳቸው አንደበት እንዲገልጹ አድርጓል። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህን ነው። የሚያሳዝነው ቁጥሩና ቃሉ በየራሳቸው ጥራዝ መቅረታቸው ነው፤ የፈተናውን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው የልጆቹን ቃል አጠገቡ አያገኝም።

ሌላው ድክመት የተወለደው ከዚያው ከተመሰገነው መዋቅር ነው። የዕድገቱ ስሌት የሚያየው ሁለቱንም ፈተና የተቀመጠውን ልጅ ብቻ ነው። ለአጨዳ ቀርቶ በዚያው ያልተመለሰው፣ በመሐል የተዳረችው፣ ከብት ጥበቃ የዋለው ከስሌቱ ይወጣሉ። የነዚህ ልጆች መቅረት ራሱ ስለ ደኅንነት የሚናገር ማስረጃ ስለሆነ፣ ከግርጌ ማስታወሻ የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር።

በኋላ የመጣውን የሰሜኑን ጦርነት ባለመተንበዩ ጥናቱን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም ዛሬ ከላይ ጋይንቷ ከተማ ከንፋስ መውጫ ሆኖ ለሚያነበው ሰው መሠረታዊ ግምቱ፣ ማለትም ያልተቋረጠ የትምህርት ዓመት፣ እንግዳ ነው። ከተማዋ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በህወሓት ኃይሎች ተይዛ ነበር፤ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ሁለት ዓመት ከቤት የዋለን ተማሪ በመስከረም መፈተን ዓመቱን መለካት አይሆንም፤ ያመለጠውን መለካት ነው።

በእኔ ሚዛን ሥራው በአለካክ ረገድ ለአገራችን አርአያ የሚሆን፣ በደኅንነት ረገድ ግን ግማሽ መንገድ የቀረው ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ይህንኑ ድርብ ፈተና ቢጠቀሙበት መልካም ነው፤ የቀሩትን ልጆች መዝገብና የተመለሱትን ቃል ግን በዚያው ጥራዝ ያካትቱ።