ከሠርጉ ቀን በኋላ፤ ስለ ወጣቱ የቼሎ ተጫዋች ስለ ሼኩ ካኔ ሜሰን

የአንድ ሙዚቀኛ ስም የሚገንበት ቀንና ችሎታው የሚፈተንበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሕዝብ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው፤ የሐያሲ ተግባር ግን ሁለተኛውን ፈልጎ ማግኘት ነው። ስለ እንግሊዛዊው የቼሎ ተጫዋች ስለ ሼኩ ካኔ ሜሰን ስንናገርም ይህን ልዩነት መዘንጋት አይገባንም።

ቼሎ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘዋል፤ እንደ ማሲንቋችንም የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ይመታል። ክሮቹ ግን አራት ናቸው፤ ድምፁም ወፍራምና ለሰው ድምፅ የቀረበ ነው።

ሼኩ የተወለደው በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኖቲንግሃም ከተማ ነው። እናቱ በሴራሊዮን የተወለዱ፣ በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው፤ የአባቱ የዘር ሐረግ ደግሞ ከአንቲጓ ደሴት ይመዘዛል። ከሰባት ልጆች ሦስተኛው እርሱ ሲሆን፣ ሰባቱም በአንድ ቤት ውስጥ ሙዚቃ እየተማሩ አደጉ። በሳምንቱ ቀናት መንግሥት በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ከከተማው ልጆች ጋር ሲማር ይውላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ ሎንዶን ተጉዞ በንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ የወጣቶች ክፍል ይማር ነበር። እንግዲህ በአንድ ጀምበር የተገኘ የሚመስለው ዝና በእነዚህ ሁሉ ቅዳሜዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

በ2016፣ በ17 ዓመቱ፣ ቢ.ቢ.ሲ. ከ1978 ጀምሮ በሚያካሂደው የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አሸነፈ። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሙዚቀኛም ሆነ። ለመጨረሻው ፈተና የመረጠው ሾስታኮቪች በ1959 ለሮስትሮፖቪች የጻፈውን የመጀመሪያውን የቼሎ ኮንቼርቶ ነበር። በዚህ ድርሰት ሦስተኛው ክፍል ኦርኬስትራው ፈጽሞ ዝም ይላል፤ ቼሎው ብቻውን ይቀራል። መደበቂያ በሌለበት በዚህ ስፍራ ለመቆም መምረጥ ስለ ተጫዋቹ ጠባይ ብዙ ይነግረናል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2018፣ በዊንድዘር የልዑል ሃሪና የሜገን ማርክል ሠርግ ላይ ሦስት አጫጭር ዜማዎች ተጫወተ። በዓለም ዙሪያ በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ሕዝብ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ነበረ ስሙ በየአገሩ ተሰማ። አደጋውም የመጣው በዚሁ ቀን ነው እላለሁ። እልልታ የለመደ ጆሮ ረጅሙንና አስቸጋሪውን ሥራ ለመስማት አይታገሥም፤ ሸክላ ሻጩም ጣፋጭና አጭር ነገር ደጋግሞ ይጠይቃል። ወጣቱ የሠርግ ዜማ ተጫዋች ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

መልሱን የሰጠው በ2020 በወጣው የኤልጋር ኮንቼርቶ ነው። ኤልጋር ይህን ሥራ በ1919፣ ጦርነቱ ባለቀ ማግሥት፣ በሐዘን መንፈስ የጻፈው ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ልምምዱ ስላነሰው አልሠመረም ነበር። ጃክሊን ዱ ፕሬ በ1965፣ በ20 ዓመቷ፣ ከሎንዶን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ካስቀረጸችው ወዲህ ግን ድርሰቱን ከእርሷ ለይቶ ማሰብ አዳጋች ሆነ። ሼኩም ይህንኑ ሥራ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር፣ በሳይመን ራትል መሪነት አስቀረጸ። ይህ በእውነቱ ራስን ለንጽጽር ማቅረብ ነው።

ዱ ፕሬ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች እንደ ሰይፍ ትመዛቸዋለች፤ ሼኩ ግን ሐዘኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚነግር ሰው ይጀምራል። በዝግታ በሚሄደው በሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ይሠምርለታል። ይህ ዜማ በመደምደሚያው አጠገብ እንደ ገና ብቅ ሲል፣ በእርሱ እጅ ሊረሳ የተቃረበ ትዝታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ በሚነሣበት ስፍራ የቼሎው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳል። በኮንቼርቶው ዙሪያ የተደረደሩት አጫጭር ዜማዎችም በዝተዋል፤ በዚህ ላይ የነጋዴው እጅ የታየ ይመስለኛል።

ሆኖም ዋናው ፈተና ታልፏል፤ የተወደሰው ልጅ ወደ ከባዱ ሥራ ተመልሷልና። በ1700 ጎፍሪለር በሠራው ቼሎ ይጫወታል፤ መሣሪያው ግን በውሰት የተሰጠው እንጂ የራሱ አይደለም። የእንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋ ከወጣት ሙዚቀኛ ዐቅም በላይ ነው። ችሎታውም ቢሆን በወላጆቹ ድካምና በመምህራኑ ትዕግሥት የተገነባ ነው። ይህን የተረዳው ይመስላል፤ ካሸነፈ በኋላ ለቀድሞ ትምህርት ቤቱ 3,000 ፓውንድ ሰጥቶ አሥር ተማሪዎች የቼሎ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አድርጓል።

ነገር ግን አሥር ልጆች በአንድ ወጣት ቸርነት መማራቸው የሚያስደስተውን ያህል ያሳስባል። ቼሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜውን መሥዋዕት የሚያደርግ ወላጅ ያላገኘ ስንት ሼኩ ይኖር ይሆን? በሠርጉ ቀን ያጨበጨበ ሁሉ ስለ እነዚያ ቅዳሜዎች ደግሞ ቢያስብ መልካም ነው።