የቆፋሪው ስም ያለበት መዝገብ

በወለጋ የሚገኘው የዩብዶ ፕላቲኒየም ሲነሣ የጣሊያናዊው ማዕድን ፈላጊ የአልቤርቶ ፕራሶ ስም ይጠራል። አፈሩን ቆፍሮና አጥቦ ማዕድኑን ያወጣው የወለጋ ሰው ስም የሚገኘው ግን በሠራተኛ መዝገብ ነው። ስም ከነአባት፣ የቅጥር ቀን፣ ደመወዝ፤ ከጎኑ ፊርማ፣ መጻፍ ላልቻለ ደግሞ በቀለም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ። ይህን በትዕግሥት የሞሉ ጸሐፊዎች ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል። የአገልግሎት ዘመኑን በማስረጃ ማሳየት ያቃተው አዛውንት ጡረታውን ሊያጣ ይችላልና።

የወለጋዋ ነቀምቴም የእንዲህ ያለ ወረቀት ዋጋ ታውቃለች። የአካባቢው ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤት ደብዳቤዎች ስለተጠበቁ ነው የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ የወለጋን የታሪክ ሰነዶች ለማሳተም የበቁት። ቢሮ ስታጸዱ አሮጌ የደመወዝ መዝገብ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ ለነቀምቴው የወለጋ ሙዚየም ወይም ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) አስረክቡ።