ደሙ ትኩስ ሳለ

ከታማሚ ክንድ የተቀዳ ደም ለኢሙኖሎጂ ተማሪ ፋታ አይሰጥም። ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ከገባ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ሕዋሳትን በእፍጋታቸው በሚለየው ፊኮል በተባለ ፈሳሽ ላይ በዝግታ መንቆርቆር አለበት። የፊኮሉ እፍጋት በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም ስለሆነ ሴንትሪፉጁ ሲሽከረከር ቀይ ሕዋሳቱ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የምንፈልጋቸው ሊምፎሳይቶች መሃል ላይ ቀጭን ነጭ ቀለበት ሠርተው ይቀራሉ። ከዚያ ማሽኑ ያለ ፍሬን ራሱ እስኪቆም መጠበቅ ነው። የቸኮለ ሰው ቀለበቱን ይበጠብጠዋል።

የዶክትሬት ተማሪዎቼን ከዚህ አስጀምራለሁ። አብዛኞቹ ሥራቸውን ከፊሉን አዲስ አበባ፣ ከፊሉን አውሮፓ የሚሠሩ ናቸው፤ ይህን ዓይነቱን ሥልጠና ሳንድዊች ይሉታል። ልባቸው ያለው ማዶ በሚጠብቃቸው ዘመናዊ የሕዋስ መቁጠሪያ ማሽን፣ ፍሎው ሳይቶሜትር ላይ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው የቀረበለትን ብቻ ነው። ቱቦው ከክፍለ ሀገር ሲመጣ መንገድ ላይ አድሮ ከሆነ ግራኑሎሳይቶች እፍጋታቸው ተለውጦ ነጩ ቀለበት ውስጥ ይገባሉ፤ የቲ ሕዋሳቱም ምላሽ ይዳከማል። ይህን የማያውቅ ሰው ውጤቱን አይቶ የታማሚው መከላከያ ደካማ ነው ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ደሙን የሚቀበለው፣ ሕዋሱን የሚለየውና ቁጥሩን የሚተነትነው አንድ ሰው እንዲሆን አጥብቄ እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ ለዚህ ሙያ የታደለች ከተማ ናት። ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ፣ በርገን ውስጥ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። በስሙ የሚጠራው የምርምር ተቋም በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚህ፣ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከሚታከሙበት አለርት ሆስፒታል ጎን ነው። ባክቴሪያው እስከ ዛሬ በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ አልራባም፤ ሊያጠናው የሚፈልግ ሰው ወደ ታማሚው መቅረብ አለበት። በአንዱ ሰው ቆዳ ላይ ስሜት ያጡ ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ያወጣል፤ የሌላውን አካል በሙሉ ይወርሳል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚወስነው የሰውየው የመከላከያ ምላሽ ነው። የኢሙኖሎጂ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ከወዴት ያገኛል?

በሁለት አገር መሠልጠን ምን እንደሚያፈራ ስጠየቅ በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አነሣለሁ። ወጣት ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባና በአምስተርዳም እየሠሩ ተመረቁበት። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተሙት ጥናቶች የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከጤነኛ ኔዘርላንዳውያን እንደሚያንስ አሳዩ፤ ገና ጠላት ያልገጠማቸው ሕዋሳት ጥቂት፣ የነቁት ብዙ ነበሩ። ለዓመታት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ በሲዲ4 ይወሰን ነበር። የጤነኛው ልክ ሳይታወቅ የታማሚውን ቁጥር በምን እናመዛዝነዋለን? ይህ ጥያቄ የሁለቱንም አገር ደም ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ቶሎ ይታየዋል።

የሚያንገበግበኝ የመመለሻው ነገር ነው። ተማሪዋ ተመርቃ ትመጣለች፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው አንቲቦዲ ተገዝቶ፣ ከጉምሩክ ወጥቶ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ማሽኑ ሲበላሽ ጠጋኙ ከውጭ ይጠበቃል። የስምምነት ሰነዶቹ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የትምህርት ክፍያውን በዝርዝር ይጽፋሉ፤ ከምረቃ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሪኤጀንትና የማሽን ጥገና በጀት ውሉ ውስጥ እንዲገባ በየስብሰባው እጠይቃለሁ፤ ይህ ካልተጻፈበት ሌላ ተማሪ መላክ ይከብደኛል።