«ዱባ» እና «ቅል» በመዛግብተ ቃላትና በትርጉም ሥራ

ባለፈው ጥቅምት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ተጠርተን ሄደን ነበር። የቤቱ እመቤት ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለው የጥራጊ ክምር ላይ፣ ማንም ሳይዘራቸው በክረምቱ የበቀሉ ሦስት ሐረጎች አሳዩን። ጥያቄያቸውም አጭር ነበር፤ «ዶክተር፣ እነዚህ ምን ይባላሉ? ይበላሉስ ወይ?» «ዱባ ናቸዋ!» ልንል አፋችንን ከከፈትን በኋላ መልሰን ዘጋነው። ከሦስቱ አንዱ ዱባ አልነበረም፤ የቀሩት ሁለቱም ዱባ ይባሉ እንጂ አንድ ዘር አልነበሩም። ይህ እፍረት የግላችን ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ይህችን ሒስ ጽፈናል።

«ዱባ» ከዓረብኛው «ዱባእ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። የዓረብኛው ቃል ግን በጥንቱ አገባቡ የሚያመለክተው እኛ «ቅል» የምንለውን ተክል ነበር። ዛሬ ወጥ የምንሠራበት ዱባ የሚመደብበት የኩኩርቢታ ወገን በሙሉ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በእኛ በኩል ባለው ዓለም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ስሙ ከተሰየመው ነገር ይበልጥ ያረጀ ነው ማለት ነው። አማርኛ አሮጌውን ተክል «ቅል» ብሎ ለብቻው ስላቆየው፣ «ዱባ» ለአዲሱ እንግዳ ሊተርፍ ችሏል።

ተርጓሚዎች ይህን የዘመን ልዩነት ሲዘነጉት ምን እንደሚደርስ ለማየት የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መግለጥ ይበቃል። በዘኁልቁ 11፥5 እስራኤላውያን በግብፅ ይበሉት ከነበረው ምግብ መካከል «ዱባ» ተቈጥሯል። የዕብራይስጡ ቃል የሚያመለክተው ግን የኪያርን ወገን ነው፤ በሙሴ ዘመን ግብፅ ውስጥ የዛሬው ዱባ ሊኖር አይችልም። በዮናስ 4፥6 «ቅል» መባሉ ግን ከዚህ ይልቅ ይቅር የሚባል ነው። ብዙ ሊቃውንት የዕብራይስጡን ቃል ጉሎ ነው ቢሉትም፣ ቅል ቢያንስ በአሮጌው ዓለም የነበረ ተክል ነው፤ ከኋላውም የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ምስክርነት አለው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን በዘመናችን የዕፅዋት ስም ዝርዝሮች ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቹ ከ«ዱባ» ፊት ለፊት «ኩኩርቢታ ፔፖ» የሚል አንድ የላቲን ስም ብቻ አስቀምጠው ያልፋሉ። አንባቢው ግን ገበያ ወርዶ የሚገዛው ትልቁ ዱባ ኩኩርቢታ ማክሲማ ወይም ኩኩርቢታ ሞስካታ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የቤተ ሙከራ መሣሪያ አያስፈልግም። ፍሬው ከሐረጉ ጋር የሚያያዝበትን ክፍል (እዚህ ላይ «የፍሬ እግር» እንበለው) መመልከት ይበቃል። የማክሲማ እግር ክብና ለስላሳ ሲሆን ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይሆናል፤ ቅጠሉም እምብዛም አይሰነጠቅም። የፔፖ እግር ጠንካራና ባለ ሸንተረር ነው፤ ቅጠሉ ጥልቅ ስንጥቅ ያለውና ሲዳስሱት የሚወጋ ነው። የሞስካታ እግርም ጠንካራና ባለ ሸንተረር ቢሆንም ፍሬውን በሚነካበት ቦታ ይሰፋል። አራተኛው፣ ኩኩርቢታ ፊሲፎሊያ፣ ቅጠሉ የበለስን ይመስላል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም በአብዛኛው ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ሁለተኛ ክፍል፣ ቻርልስ ጄፍሪ ስለዚህ ቤተሰብ ያዘጋጀውን ጥናት ይዟል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ዱባ» ላይ ሲደርስ እርሱን ሳይገልጥ ማለፍ አልነበረበትም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዙኩኒ የፔፖ ወገን ነው፤ ለጌጥ ከሚተከሉት መራራ ትናንሽ ፍሬዎች ብዙዎቹም እንዲሁ። ንብ የአንዱን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ስታደርስ የዚያ ዓመት ፍሬ አይለወጥም፤ ከዘሩ በሚበቅለው ልጅ ላይ ግን መራራነት ሊገለጥ ይችላል። መራራነቱ ኩኩርቢታሲን ከሚባለው መርዝ የሚመጣ ሲሆን በመቀቀል አይጠፋም። እንግዲህ የዘር ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው ሁሉንም «ዱባ» ብሎ ቢያልፍ፣ ዘር የሚያስቀረው ገበሬ የትኛው ከየትኛው እንደሚዳቀል በምን ያውቃል?

ስለዚህ «ዱባ» በመዝገበ ቃላት ውስጥ የወገን ስም ተብሎ ቢፈታ፣ በሥሩም ዓይነቶቹ በፍሬ እግራቸውና በቅጠላቸው ቢለዩ እንመርጣለን። «ቅል» ደግሞ ተክሉን፣ ዕቃውንና የራስ ቅልን ለየብቻ ያስቈጥር፤ «ለየቅል» የራሱ መግቢያ ይኑረው። ተረቱ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲል ከብዙ ዝርዝሮቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ በማለዳ ይከፈታል። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ የሚከፈተው ወደ ማታ ነው።

በኮልፌው ጓሮ ሦስተኛው ሐረግ የታወቀን በዚሁ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ነጭ አበባ አወጣ። ሁለተኛው ዙኩኒ የሚመስል ፍሬ ነበረው፤ ከጥሬው ጥቂት በምላሳችን ነክተን ወዲያው ተፋነው። እመቤቲቱም ከነሥሩ ነቀሉት። የመጀመሪያው እግሩ ክብ፣ እንደ ቡሽ የለሰለሰ፣ ማክሲማ ነበር። ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ለሚመጣው ክረምት ሊያስቀምጡ ሲነሡ ስሙን እንድንጽፍላቸው ጠየቁን። «ዱባ፣ እግረ ክብ» ብለን ጻፍን። አነበቡትና ሣቁ፤ «እርስዎ እንዳሉት ይሁን፤ እኔ ግን የመርካቶው ነው የምለው፤ ከዚያ ከገዛሁት ነው የበቀለው።» ብዕራችንን መልሰን አውጥተን ከሥሩ «የመርካቶው» ብለን ጨመርንበት።